ለሦስት ልጆች ስንት መጽሐፍ?
ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቤት ንባብና ጽሕፈትን ስለ ማስተማር

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ደብረ ወርቅ ስሟ ምን ጊዜም የሚነሣው ከጥንታዊቷ የማርያም ደብርና ከትምህርቷ ጋራ ነው። በኋላ የትምህርት ሚኒስትር የሆኑት ታላቁ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ነበር። ይህን ያህል ትምህርት የኖረበት አገር ልጆቹን ማን ያስተምርልኝ ብሎ የሚጨነቅበት ዘመን ይመጣል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም።

ዘመኑ ግን መጣ። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የመላው አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያ አልፎ ልጆች ወደ ክፍላቸው ከተመለሱ በኋላ፥ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ተስፋፋ፤ በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተነገረ። ቁጥሩ በጣም ትልቅ ስለሆነ ሰው ሰምቶት ያልፋል። በአንድ ቤት ውስጥ ስናየው ግን ነገሩ እንዲህ ነው፤ የሰባት ዓመቱ ልጅ ፊደል ሳይለይ ቀረ፤ የዐሥር ዓመቷ ልጅ የጀመረችውን ንባብ ልትረሳው ነው፤ የዐሥራ አራት ዓመቱ ደግሞ ማንበቡን ቢችልም አንድ ገጽ አስተካክሎ መጻፍ አይሆንለትም። እናትና አባት ሦስቱንም በአንድ መደብ ላይ አስቀምጠው በምን መጽሐፍ እንጀምር ብለው ይጠይቃሉ።

ብዙ ቤተሰብ የሚመርጠው ለየልጁ የየክፍሉን መጽሐፍ መፈለግ ነው። መጽሐፉ በእጅ ባይገኝ እንኳ በስልክ ተልኮ ይመጣል። አሳቡ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሦስት መጽሐፍ ማለት በየቀኑ ሦስት ትምህርት ማለት ነው፤ አስተማሪዋም ከብት የምታልብ፥ እንጀራ የምትጋግርና ቅዳሜ ገበያ የምትወጣ እናት ናት። በሁለተኛው ሳምንት ትደክማለች፤ በሦስተኛው መጽሐፎቹ ከሣጥን ይገባሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ታላቁ ልጅ ማንበብ ይችላል ተብሎ ለብቻው መተዉ ነው።

በእኛ አስተያየት የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ልጆች በአንድነት የማስተማር ዘዴ ከሩቅ አገር የሚፈለግ አይደለም። በእርግጥ በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ላንካስተር የተባለው አስተማሪ ከ1798 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በለንደን ባቋቋመው ትምህርት ቤት ታላላቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን እንዲያስተምሩ በማድረጉ ስሙ ገንኗል። በኮሎምቢያም ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በገጠር አንድ አስተማሪ ብዙ ክፍል የሚይዝባቸው ትምህርት ቤቶች በዚሁ መንገድ ተስፋፍተዋል። ነገር ግን የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጣሪውን፥ ንባብ ደጋሚውንና ዳዊት ደጋሚውን በአንድ ጊዜ ሲያስተምሩ ረዳታቸው ሌላ ሳይሆን ትንሽ ቀደም ብሎ የተማረው ልጅ ነበር። ልጁ የሚያስተምረውን አይረሳም፤ ጥቅሙ ለሁለት ነው።

ስለ አቡጊዳም አንድ ነገር እንበል፤ ብዙ ሰው እንደ ጨዋታ ይቈጥረዋልና። ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ የሚወርድ ልጅ ፊደሉን ይለየዋል ወይስ ዜማውን ሸምድዶታል? ይህን ለመለየት አባቶች ተራውን አፈረሱት፤ አ ቡ ጊ ዳ እያሉ ከአንዱ ቤት ግዕዙን፥ ከሌላው ካዕቡን፥ ከሌላው ሣልሱን አወጡ። ስለዚህ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው፥ ማለት 231ዱን፥ ለትንሹ ልጅ በተራ ያስቈጠረች ታላቅ እኅት በማግሥቱ ከመካከል እየነጠቀች ልትጠይቀው ይገባል።

የቅኔ ቤትም የድርሰት ትምህርት ቤት መሆኑን እንዘነጋለን። ተማሪው በሁለት ቤት ከምትፈጸመው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ረጅሙ መወድስ ይወጣል፤ የቈጠረውንም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። አጭር ነገር አሳምሮ ያልተናገረ ረጅም እንዲጽፍ አይገደድም። የዛሬ ልጅ ግን ገና አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቃና ስለ አገር ፍቅር ሁለት ገጽ ጻፍ ይባላል።

ይህን ስንል የቀድሞው ትምህርት ጕድለት አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። ንባብ እንጂ ጽሕፈት ለሁሉ አይሰጥም ነበር፤ መጻፍ የቁም ጸሐፊዎች ሙያ ነበር። ልጁም የማይሰማውን ግዕዝ ለብዙ ጊዜ በቃሉ ያነበንባል። ሴቶች ልጆችም አብዛኞቹ ከደጅ ይቀሩ ነበር። በጎጃም በጽላሎ ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዕውቀቱን ያገኙት ከቅኔ መምህሩ ከአባታቸው ነው። አባት በቤቱ ሊያስተምር ቢፈቅድ ሴት ልጅ የት እንደምትደርስ ለማየት ከዚህ የበለጠ ምስክር አንፈልግም።

ታዲያ ምን ይመረጥ? እኛ የምንመክረው አንድ የጋራ ተረት፥ ሦስት የተለያየ ሥራ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት «ተረት ተረት የመሠረት» ወይም የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ የአያት ተረት ይበቃል። ማታ ከእሳት ዳር የጅብና የአህያ ተረት ተነገረ እንበል። ትንሹ «ጅብ» እና «አህያ» የሚሉትን ቃላት ከታላቁ ጽሑፍ ላይ ይገለብጣል። መካከለኛዋ ታሪኩን በአምስት ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች፤ በማግሥቱም ታላቁ ቃለ ጽሕፈት ያጽፋታል። ታላቁ ደግሞ አህያዪቱ ለዳኛ የምታቀርበውን አቤቱታ ይጽፋል። አቤቱታ ያልነው በቀልድ አይደለም፤ ይህ ልጅ ነገ ለቀበሌ ማመልከቻ የሚጽፈው፥ ለጎረቤትም ደብዳቤ የሚያነበው እርሱ ነው።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆች እኛ ምን እናውቃለን ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። በአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ ምልክት የለውም። «ልጁ ይበላል» የሚለውና «ዳቦው ይበላል» የሚለው በወረቀት ላይ አንድ ናቸው፤ አንዱ ላልቶ፥ ሌላው ጠብቆ ነው የሚነበበው። ልጅቱ አላልታ ማንበብ የሚገባትን አጥብቃ ብታነብ ፊደል ያልቈጠረች እናት ጆሮዋ ይነግራታል። እንግዲያስ ልጆቹ ጮኽ ብለው ያንብቡላት፤ ሲጨርሱም «ምን አለ?» ብላ ትጠይቃቸው። ይህች ጥያቄ ትንሽ አይደለችም፤ በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምርመራ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁትም አንዱን እንኳ ያልመለሱት ግማሽ ያህል ነበሩ። እነዚያ ልጆች ትምህርት ቤታቸው ክፍት ነበር።

ሀና ሐ፥ ሰና ሠ ተለዋወጡ ብሎ ትንሹን ልጅ መቈጣት አያስፈልግም፤ ይህ ለታላቁ ይቈይ።

የመንግሥቱ የመማሪያ መጽሐፍስ ይጣል ወይ? አይጣልም። ልጁ ወደ ክፍል ተመልሶ በ6ኛውና በ8ኛው ክፍል ይፈተናልና፥ ቤተሰቡ በየወሩ አንድ ጊዜ መጽሐፉን አውጥቶ ልጁ የት እንደ ደረሰ ይለካበት። የየዕለቱ ሥራ ግን ተረቱና ደብተሩ ይሁን። በደብተሩ ገጽ ራስ ላይ ቀኑ ይጻፍ፤ የተሳሳተውም አይቀደድ። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ዕለት ይህ ልጅ ስንተኛ ክፍል ይግባ ለሚለው አስተማሪ፥ ቀን የተጻፈበት ደብተር ከዕድሜው ይልቅ ይነግረዋል።