የሌላ አገር ሰዎች እንዴት ይኖራሉ? የአንዲት አያት ንባብ

ዛሬ ወደ ህንድ አገር እንሻገር።

በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩን አንድ ህንዳዊ መምህር ነበሩ። ጢማቸው ረጅም ነው። ጥምጥምም ይጠመጥማሉ። መጀመሪያ ስናያቸው ቄስ መሰሉን። እሳቸው ግን የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ናቸው። ይህን ሃይማኖት የጀመሩት ጉሩ ናናክ ይባላሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1469 ተወለዱ። ጉሩ ማለት መምህር ማለት ነው።

አንድ ቀን መምህራችን የልጅነታቸውን በዓል አወጉን። አገራቸው ፑንጃብ ነው፤ የስንዴ አገር ነው። ስንዴው ለአጨዳ ሲደርስ ቫይሳኪ የሚባል በዓል ያከብራሉ። በእኛ ሚያዝያ 5 ወይም 6 ቀን ይውላል። በ1699 አሥረኛው መምህር፣ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ፣ በዚህ ቀን ሕዝቡን ሰበሰቡ። አምስት ሰዎችን ከአንድ ዕቃ አጠጡ። ከአምስቱ አንዱ ፀጉር አስተካካይ፣ አንዱ ውሃ ቀጂ ነበር ይባላል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ይናቅ ነበር። ከዚያ መምህሩ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ከአምስቱ እጅ ጠጡ።

ስለዚህ በበዓሉ ቀን ሁሉም መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ይቀመጣል። ባለመሬቱም፣ ጠራጊውም ያው ቂጣና ያው ምስር ወጥ ይቀርብለታል። «የእኛ የልጆች ሥራ ውሃ ማደል ነበር» አሉን መምህራችን።

ከበዓሉ በፊት ቅዱስ መጽሐፋቸው ይነበባል። 1430 ገጽ ነው። አንባቢዎች እየተተካኩ ሌትና ቀን ያነቡታል። 48 ሰዓት ያህል ይፈጃል። መምህራችን ልጅ ሳሉ በአያታቸው ጭን ላይ ሆነው ንባቡን እየሰሙ ይተኛሉ። ሲነቁም ንባቡ አላቆመም።

አያታቸው ለአንባቢዎቹ ምግብ ያበስላሉ። ማንበብ ግን አይችሉም። አንድ ዓመት በግድግዳ ላይ ያለ ጽሑፍ አይተው «ልጄ፣ ይህ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ።

ልጁ ሳቀ። «እማማ፣ ይህንንም አያውቁም?» አለ።

አያቲቱ ዝም አሉ። «ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል» አሉን መምህራችን።

በማግስቱ ላሞቹ ታልበው ሲያበቁ አያቲቱ የልጁን ጥቁር ሰሌዳ ይዘው መጡ። «በል አስተምረኝ» አሉት። ፊደላቸው 35 ነው። ይህን ፊደል መልክ ያስያዙት ሁለተኛው መምህር፣ ጉሩ አንጋድ ናቸው። አያቲቱ አንዱን ሲይዙ አንዱ ይጠፋቸዋል። ሁለት ዓመት ፈጀባቸው።

ከዚያ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። በሃይማኖታቸው ሳይቸኩሉ ቀስ ብሎ ማንበብም የተፈቀደ ነው። አያቲቱ በቀን አንድ ገጽ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ወደ አራት ዓመት ገደማ ሲሆን 1430ኛው ገጽ ላይ ደረሱ። ቤተሰቡ ደስ ብሎት በዱቄት፣ በቅቤና በስኳር ጣፋጭ ሠርቶ ለጎረቤት አደለ። አያቲቱ በማግስቱ እንደገና ገጽ 1ን ገለጡ።

እኛም ስናስተምር «እርጅና መጣ፤ ፊደል አልገባኝ አለ» የሚሉ እናትና አባት አሉ። ልጅ ስቆባቸው ከክፍል የቀሩም አሉ። ከቀሩት መካከል ጎረቤታችሁ ካለ ይህን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። አብራችሁ አንብቡት።

ተወያዩበት፦
1. ልጁ ሲስቅ አያቲቱ ለምን ዝም አሉ?
2. በመንደራችን አብሮን ከአንድ ዕቃ የማይጠጣ ሰው አለ? ለምን?
3. እናንተ በቀን ስንት መስመር ታነባላችሁ?

ሳምንት ያገናኘን።