ትሮምቦን ለጎንደር ባዕድ ነውን?

በተማሪው መካከል ስለ ሙዚቃ ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገን ይቆማል። አንዱ «ነሐሱ ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ ለጎንደር ማሲንቆ ይበቃታል» ይላል። ሌላው ደግሞ ማሲንቆን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ይንቃል። እኛ ከሁለቱም ጋራ አንስማማም። ምክንያታችንንም ብዙ ባልተነገረለት መሣሪያ፥ በትሮምቦን እናስረዳለን።

በመጀመሪያ፥ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደለም። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ መለከት ሲጽፍ፥ ከሸምበቆ የተሠራ፥ ጫፉ ላይ የቅል አንገት የተገጠመለትና በብራና የተለበጠ መሆኑን ገልጿል። ድምፁ አንድ ብቻ ነበር፤ በጉዞ ጊዜ በዝግታ፥ ጠላት ሲታይ በጥድፊያ ይነፋል። የእምቢልታም ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይይዛሉ፤ ዜማው የሚሞላው ሲቀባበሉ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

የነሐስ ባንድ ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ በመጣ መሣሪያ ተጀመረ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን አጠናከሩት፤ ቀጥሎም የክቡር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች አሳደጉት። ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸ ጌታቸው መኩሪያ ተገኘ፤ ቫይብራፎንን የኛ ያደረገ ሙላቱ አስታጥቄ ተገኘ። ትሮምቦን ግን ከኋላ ተሰልፎ ቀረ፤ የነፊዎቹም ስም ከሕዝብ አፍ አልገባም።

በውጭ አገር ነገሩ እንዲህ አልነበረም። በኒው ኦርሊንስ ባንድ በጋሪ ሲዞር፥ ተንሸራታቹ ቱቦ ሰው እንዳይመታ የትሮምቦን ነፊው ከጋሪው ጫፍ ይቀመጥ ነበር፤ በዚህ አጨዋወት ኪድ ኦሪ ታወቀ። በዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ ውስጥ ጆ ናንተን የጎማ ክዳን በመሣሪያው አፍ ላይ እየከፈተና እየዘጋ ትሮምቦኑን እንደ ሰው አናገረው። ጄ. ጄ. ጆንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሰው ጆሮውን እስኪጠራጠር ድረስ አፈጠነው።

ለእኛስ ምን ይጠቅማል? ትሮምቦን ቁልፍ የለውም። ቱቦው ሰባት ዋና ቦታዎች ቢኖሩትም፥ በመካከላቸው ያለውን ድምፅ ሁሉ እያንሸራተተ ያወጣል። የማሲንቆም ጣት የሚሠራው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የቡርቧክስ አዝማሪ በአንቺሆዬ የሚያሽሞነሙነውን፥ ፒያኖ የማይደርስበትን ቦታ፥ ከነሐስ መሣሪያ ሁሉ ቀርቦ ሊከተል የሚችለው ትሮምቦን ነው እንላለን። ባዕድ የተባለው ዘመድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

«ስንት ነገር ጎድሎ ሳለ ስለ ትሮምቦን ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለን ይኖራል። መልሳችን አጭር ነው፤ የምንጠይቀው በደብተርና በእርሳስ የሚጀመር ሥራ ነው። በየባንዱ ያገለገሉ ጡረተኞች በየሠፈራችን አሉ። ማኅበራችን ጥቂት ተማሪዎችን መድቦ ስማቸውን፥ የነፉትን መሣሪያና ያስተማራቸውን ሰው ይመዝግብ። መሣሪያ የተገኘ ቀን ደግሞ የመጀመሪያው መምህር አዝማሪ ይሁን። መሣሪያው ሊዘገይ ይችላል፤ ሽማግሎቹ ግን አይጠብቁንም።