«12 ቮልት ምን ያደርጋል?»

«12 ቮልት እኮ ነው፤ ምን ያደርጋል?»

ጀልባ በሚታደስበት ግቢ ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ባለቤቱ ይለዋል፤ ሠራተኛው ይደግመዋል፤ ሥራው እዚያው ላይ ያበቃል። ቃሉ ግማሽ እውነት አለው። ጀልባ የሚያቃጥለው ሌላኛው ግማሽ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአሜሪካ፣ በተለይም በፍሎሪዳ ዳርቻ፣ ዓሣ አጥማጁም ለመዝናናት የሚወጣውም አብዝቶ የሚነዳው ጀልባ «ሴንተር ኮንሶል» ይባላል። መሪው፣ የሞተሩ መቆጣጠሪያና መሣሪያዎቹ ሁሉ መሐል ላይ በቆመ አንድ የፋይበርግላስ ሣጥን ላይ ተሰክተዋል። ሞተሩ ከኋላ ይንጠለጠላል። ሣጥኑ ከውጭ ሲያዩት የአውሮፕላን ጋቢና ይመስላል፦ ትልልቅ ስክሪን፣ ራዲዮ፣ ድምፅ ማጉያ፣ የሚያበራ ማብሪያ ማጥፊያ።

የሣጥኑ ትንሽ በር ሲከፈት ግን ሌላ ዓለም ነው። መደርደሪያ የለም። ሽቦዎቹ እንደ ሐረግ ተጠላልፈው ተንጠልጥለዋል። የመልሕቅ ገመዱ፣ የሕይወት ጃኬቱና የዘይት ጣሳው እነሱው ላይ ተወርውረዋል። ግማሾቹ ሽቦዎች ከዓመታት በፊት የተነሣ መሣሪያ የተወው ቅሪት ናቸው፤ ከየት ተነሥተው የት እንደሚደርሱ የሚያውቅ የለም። አንዱ ባለቤት ዓሣ ማያ ጨመረ፤ ቀጣዩ መብራት ጨመረ፤ ሦስተኛው ሙዚቃ ጨመረ። ሁሉም ሽቦውን በናስትሮ ጠቅልሎ በቀጥታ ባትሪው ላይ አሰረና በሩን ዘጋ።

አሁን ወደ 12 ቮልቱ እንመለስ። በደረቅ እጅ የባትሪውን ጫፎች የነካ ሰው እንደማይነዝረው እውነት ነው። ሽቦን የሚያግለው ግን በውስጡ የሚያልፈው አምፔር ነው። የጀልባ ባትሪ ሞተር ለማስነሣት የተሠራ ስለሆነ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲገናኙ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በአንዴ ይለቃል። 12 ቮልት በ100 አምፔር ሲባዛ 1,200 ዋት ነው፤ ይህ ወጥ የሚሠራበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ኃይል ነው። ልዩነቱ፣ ጀልባው ውስጥ ምድጃ የሚሆነው በፕላስቲክ የተለበጠ ቀጭን ሽቦ መሆኑ ነው። አጠገቡ ደግሞ ፋይበርግላስ፣ የሕይወት ጃኬትና ቤንዚን አለ።

ይህን የሚያቆመው ፊውዝ ነው። የሽቦው ልባስ እንዳይላጥ የሚያደርገው ደግሞ ማሰሪያው ነው። ጀልባ ቤት አይደለም፤ ማዕበሉ ሲመታው ውሎ ያድራል። ያልታሰረ ሽቦ ከፋይበርግላሱ ጠርዝ ጋር ሲታከክ ይከርምና አንድ ቀን መዳቡ ይገለጣል። ቦትዩኤስ የተባለው የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ለኢንሹራንስ ክፍሉ የቀረቡለትን የእሳት አደጋ ጥያቄዎች መርምሮ ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እሳት የተነሣው ከኤሌክትሪክ መስመርና ከኤሌክትሪክ ዕቃ ነው።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የአሜሪካ የጀልባና ያት ምክር ቤት ደረጃውን ጽፎ አስቀምጧል። ከሞተር ማስነሻው መስመር በስተቀር ከባትሪ የሚነሣ ሽቦ፣ በመሠረቱ በ7 ኢንች፣ ማለትም በ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ ፊውዝ ወይም አውቶማቲክ ቆራጭ ሊኖረው ይገባል። ሽቦው ቢያንስ በየ18 ኢንቹ፣ በየ45 ሴንቲ ሜትሩ መሆኑ ነው፣ መታሰር አለበት። የቤት ሽቦ ዓይነት ባለ አንድ ወፍራም ክር ለጀልባ አይሆንም፤ ንቅናቄው ይሰብረዋልና። በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ መገጣጠሚያም አይፈቀድም።

ታዲያ ደረጃው እያለ ሣጥኑ ለምን እንዲህ ሆነ? ደረጃው የሚከበረው በውዴታ እንጂ በግዴታ ስላልሆነ ነው።

ነገሩ የአንድ ባለጀልባ ስንፍና መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1971 የፌዴራል የጀልባ ደህንነት ሕግ አውጥታለች። ከሕጉ በታች ያለው መመሪያ ስለ ኤሌክትሪክ መስመር የሚናገር ክፍል አለው፤ ሥራ ላይ የሚውለው የቤንዚን ሞተር ባላቸው ጀልባዎች ላይ ሲሆን፣ ሞተራቸው ከኋላ የሚንጠለጠለውን ግን በስም ጠርቶ ውጭ ይተዋቸዋል። ትልቁ ፍርሃት በተዘጋ የሞተር ክፍል ውስጥ የሚታፈን የቤንዚን ትነት ነበር። ለዚያ ፍርሃት ሕጉ ተገቢ ነው። ሣጥን ውስጥ ለሚቃጠል ሽቦ ግን ሞተሩ ከፊት ሆነ ከኋላ ምን ለውጥ ያመጣል? አጭር ዙር ሲፈጠር ሽቦው ሞተሩ የት እንደተንጠለጠለ አይጠይቅም።

የኢንዱስትሪው ሰዎች መልስ አላቸው፦ «ስም ያላቸው ፋብሪካዎች ደረጃውን በራሳቸው ያከብራሉ።» ብዙዎቹ ያከብራሉ። ግን የሚያከብሩት ጀልባው ከፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጨመረውን ሽቦ የሚያይ ማነው? በአሜሪካ የግል መዝናኛ ጀልባ በየዓመቱ ተመርምሮ እንዲያልፍ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። የባሕር ዳርቻ ጥበቃው ረዳት ኃይል በነፃ ይፈትሻል፤ እሱም ባለቤቱ ፈቅዶ ሲጠራው ነው። የሚጠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀድሞውንም ጠንቃቃ የሆነው ሰው ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ አውሮፓ ያሳያል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የመዝናኛ ጀልባዎች መመሪያ፣ ሞተሩ የትም ይሁን የት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ የእሳት አደጋን በሚቀንስ መንገድ እንዲዘረጋ ለገበያ በሚቀርብ ጀልባ ሁሉ ላይ ያስገድዳል። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ጀልባ ሠሪዎች ሥራቸውን አልዘጉም። «ሕግ ከበዛ ዋጋ ይንራል» የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ አቅም የለውም።

እሳት ደግሞ ማስረጃውንም ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሴፕቴምበር 2 ሌሊት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ክሩዝ ደሴት አጠገብ «ኮንሴፕሽን» የተባለች የጠላቂዎች መርከብ ተቃጥላ 34 ሰዎች ሞቱ። መርማሪው ቦርድ ሌሊት የሚዞር ጠባቂ አለመኖሩን አጥብቆ ወቀሰ። የእሳቱን መነሻ ግን በእርግጠኝነት መለየት አልቻለም፤ ሊሆኑ ይችላሉ ካላቸው መካከል የኤሌክትሪክ መስመሩና ቻርጅ ላይ የነበሩ ባትሪዎች ይገኙበታል። መርከቧ ሴንተር ኮንሶል አልነበረችም። ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው፦ ከተቃጠለ በኋላ ሽቦውን የሚያይ የለም፤ መታየት ያለበት ቀድሞ ነው።

ሕጉ እስኪስተካከል ድረስ ጀልባ የሚያሳድስ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገልብጥ። ስክሪኑ ይቆይ። መጀመሪያ ሣጥኑ ይራገፍ፤ የማይሠራ ሽቦ ሁሉ ይውጣ፤ የቀረው እያንዳንዱ በሁለቱም ጫፍ ምልክት ይደረግበት። ከዚያ ፊውዞቹና ማከፋፈያው የሚሰቀሉበት ሰሌዳ ሣጥኑ ውስጥ፣ ውሃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ በጠንካራ ማጣበቂያ ወይም በቡሎን ይያዝ። በስሱ ፋይበርግላስ ላይ የተመታ ቪቴ ከጊዜ በኋላ ይላቀቃል፤ ከጀርባው ሙጫ ያለው የፕላስቲክ መያዣም ፀሐይ ሲያግለው ይወድቃል። መደርደሪያው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጥቅሙም ዕቃ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ ዕቃና ሽቦ እንዳይገናኙ መለየት ነው። መልሕቁ በአንድ ወገን፣ ሽቦው በሌላ ወገን፤ በመሐል ግድግዳ። ባትሪው ከባድ ነውና መደርደሪያ ላይ አይወጣም፤ ታች ተጠፍሮ ይቀመጣል።

«ማንም ለማያየው ነገር ይህን ያህል ወጪ?» የሚል ይኖራል። ፊውዙ፣ ማሰሪያውና ሰሌዳው ከአንድ ስክሪን ዋጋ ጋር አይወዳደሩም። ውድ የሚሆነው የሠራተኛው ሰዓት ነው፤ እሱ ላይ መቆጠብ ደግሞ ጀልባውን በሙሉ ማስያዝ ነው።

ይህ የፍሎሪዳ ሰዎች ጣጣ ነው ብሎ ማለፍም አይገባም። ከኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር ጣና ላይም፣ ሐዋሳ ላይም፣ ጫሞ ላይም ይሠራል። ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጓጉዛ ወደ ጣና የተወሰደችው «ጣናነሽ 2» የሕዝብ ዓይን ስባለች፤ ይገባታልም። ምእመናንንና ጎብኚዎችን ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱት ትንንሽ ጀልባዎች ግን እንዲህ ዓይነት ትኩረት አያገኙም። በእነሱም ላይ ባትሪ አለ፣ ሽቦ አለ፣ ቤንዚን አለ፣ ሰው አለ። ደንብ የሚጽፍ ሰው የአሜሪካንን ክፍተት ከመድገም ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑር፤ ሽቦ ሁሉ ይታሰር፤ ተቆጣጣሪ በየጊዜው ከፍቶ ይይ።

ከአደጋ በኋላ ኮሚቴ ማቋቋም ጅብ ከሄደ የውሻ ጩኸት ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው፤ ቅጠሉም አንድ ፊውዝና ጥቂት ማሰሪያ ነው።