ለቀፊራ ሙቀት ስንት ሚሊ ኮርኒስ?

«ከእጮኛዬ ጋር የምንገባበት ቤት ቀፊራ፣ የቤተሰቦቹ ግቢ ውስጥ ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ቀን ውስጡ አያስቀምጥም። የማዳበሪያውን ኮርኒስ አንስተን ጂፕሰም ቦርድ ልናሠራ ተስማማን። አናጢው ግን ‹9 ሚሊ ይበቃል፣ የተረፈውን ለሰርጋችሁ አድርጉት› አለን። እጮኛዬም ከሱ ጋር ወገነ። እኔ 12 ካልሆነ ብዬ ይኸው ተኳርፈናል። ወፍራሙ ሙቀቱን አይቀንስም ወይ? ለሰርጉ አንድ ወር ነው የቀረን።»
ሙሽሪት ነኝ፣ ከድሬዳዋ

ሙሽሪት፣ ድሬ አንቱታ አታውቅም ይባል የለ፣ እኔም «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል። ክርክሩን ረትተሻል፤ ግን ባቀረብሽው ምክንያት አይደለም። በሦስት ሚሊ ልዩነት የቆርቆሮ ወላፈን አይመለስም። ሙቀቱን የሚቀንሰው በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሀል የታፈነው አየር መውጫ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ከጣሪያው ሥር፣ በሁለቱም ጎን በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ቀዳዳ ይተውላችሁ።

ታዲያ ውፍረቱ ለምኑ ነው? እንዳይጎብጥ! ግድግዳ ላይ ያለ ቦርድ ቆሞ ነው የሚኖረው፤ ኮርኒስ ግን ዕድሜ ልኩን ተንጠልጥሎ ነው። 9 ሚሊ ለቺፕውድ በተለመደው የ60 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ ላይ ከተመታ፣ ውሎ አድሮ በየሞራሌው መሀል እንደ ሆድ ይንዘረጠጣል። 12 ሚሊ ግዙ፤ ሞራሌው ደግሞ መሀል ለመሀል 40 ሳንቲ ይሁን። አናጢው «60 ካልሆነ እንጨት ይፈጃል» ካለ፣ ያኔ 15 ወይም 16 ሚሊ ሊያመጣ ነው፤ ሂሳቡን ራሱ ይሥራው። አንዱ ባለ 12 ሚሊ ቦርድ (1 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ40) ወደ 25 ኪሎ ይመዝናል። በሚስማር ሳይሆን በቪቴ፣ በየ15 ሳንቲው ይታሰር። የቪቴው ራስ ወረቀቱን ሳይቀድ ትንሽ ጠለቅ ይበል።

ከሁሉ በፊት ግን ቆርቆሮው! ቀን በር መስኮቱን ዘግታችሁ ወደ ላይ እዩ። ብርሃን በሚያሾልክበት ሁሉ ዝናብም ይገባል። ጂፕሰም ውሃ ከጠጣ አበቃለት። በዚሁ ላይ፣ አናጢው «ግድግዳውንም በጂፕሰም ላልብሰው» ቢል እሺ አትበሉ። ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ያደረገውን ለድሬ ልጅ አልነግርም።

አሁን ወደ ልስላሴው። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለም ቀቢው ስቱኮውን በአንድ ቀን ገርፎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። መገጣጠሚያው መጀመሪያ በቴፕ ይታሸግ። ከዚያ ስቱኮው ሦስት ጊዜ በስሱ ይቀባ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ሰፋ እያለ። በየመሀሉ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። የድሬ ሙቀት ቶሎ ያደርቃል ብላችሁ እንዳትደሰቱ፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ይሰነጠቃል። ሥራው በጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ ንፋስም አይልቀቁበት። በመጨረሻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፤ የሚያሸው ልጅ አፍንጫውን ይሸፍን። ማታ አምፖል ይዛችሁ ኮርኒሱን ከጎን አብሩበት። ቀን ያልታየ እብጠት ሁሉ ጥላ ይጥላል። ከቀለም በፊት ይህን ያላየ ሰው ከቀለም በኋላ ማየቱ አይቀርም። ቀለሙ ደግሞ የማያብረቀርቅ ይሁን፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም ጉድን ያጋልጣል።

የጣሪያ ቬንትሌተር ታስገባላችሁ መቼም፣ ድሬ ነው። ቦርዱ ላይ በፍጹም አይንጠልጠል! መያዣው ቦርዱን አልፎ ከጣሪያው ዋና እንጨት ጋር ይታሰር። ቦታው የሚለየው ቦርዱ ከመመታቱ በፊት ስለሆነ ለአናጢው ዛሬውኑ ንገሪው።

ገንዘቡ ካጠረ የመኝታ ክፍሉን ብቻ በደንብ አሠሩና ሳሎኑ ከሰርጉ በኋላ ይድረስ። ሁለቱንም በ9 ሚሊ ከማሠራት ይህ ይሻላል፤ ለእጮኛሽ ይህንን አንብቢለት። አንድ ወር ከጀመራችሁት ይበቃል። ብቻ ሦስተኛው ስቱኮ ሳይደርቅ ሚዜዎቹ ቁም ሳጥን ይዘው እንዳይገቡ።