ስልክሽም መዝገብሽም የራስሽ ይሁን

ጥቃት ሲባል ብዙዎቻችን ዱላን ብቻ እናስባለን። እጁን ሳያነሳ ሰውን ባዶ የሚያስቀር ግን አለ። ውድ እህቴ፣ እዚህ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ውስጥ፣ ልብስ አጥበሽ ያገኘሽውን የሚቀበልሽ፣ የዛድሽን የምስጢር ቁጥር የያዘ፣ ከአገርሽ ልጆች ጋር ቡና ስትጠጪ የሚያኮርፍ፣ በማግስቱ አልቅሶ «ያለ አንቺ ማን አለኝ?» የሚል ባል ካለሽ ይህን አንብቢ። ካነበብሽ በኋላ ግን ወረቀቱን ይዘሽ ቤት አትግቢ።

ነገሩን ስደት አላመጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ባል ወይም የወንድ ጓደኛ የነበራቸው ሴቶች መካከል 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ጥናቱ ከዘመድ መለየትን፣ ለመታከም እንኳ ፈቃድ ማስጠየቅንም መርምሯል።

ስደት ለእንዲህ ያለው ሰው የጨመረለት ማስፈራሪያ መዝገቡ ነው። የቤተሰቡ መዝገብ በእርሱ ስም ስለተከፈተ «ብትሄጂ አሰርዝሻለሁ» ይላል። አትመኚው። የስደተኝነት ጥበቃ ባል ሰጥቶ ባል የሚነሳው ነገር አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አሠራር ሚስት ለብቻዋ ቀርባ መነጋገር፣ መዝገቧም እንዲለይላት መጠየቅ ትችላለች። ክሊኒክ ስትሄጂም እርሱ አስተርጓሚሽ ሆኖ አብሮሽ ሊገባ ቢል ሌላ አስተርጓሚ ጠይቂ። የማይለቅሽ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ከየት እንደመጣ በእርሱ አንደበት አይነገርም።

«ቻይው፣ ባልሽ ነው» ከሚሉሽ ጋር አልስማማም። «ዛሬውኑ ጥለሽው ውጪ» የሚሉሽም እሳቱን አያውቁትም፤ አደጋው የሚብሰው ልትለዪው መሆኑን ሲያውቅ ነው። ስለዚህ አትንገሪው። የካርድሽንና የልጆችሽን ወረቀት ቅጂ ምስጢር ለምትጠብቅ እህት አስቀምጪ። በሳምንት ጥቂት ሺሊን የሚጣልበት ዕቁብ ብትገቢም ገንዘቡ በእርሷ በኩል ይሁን።

ከተለየሽ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው አይናገረውም። ትናፍቂዋለሽ። ሽንኩርት ስትገዢ እንኳ ማንን ላስፈቅድ ትያለሽ። ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ተመለሽ ማለት አይደለም። የተቋረጡ ጓደኞችሽን አንድ በአንድ ፈልጊ፤ የሚያኮርፉ ይኖራሉ፣ ታገሻቸው።

የስልክሽን የምስጢር ቁጥር በዚያው ቀን ለውጪ። የልጅሽን የልደት ዓመት ግን አታድርጊው፤ እርሱም ያውቀዋል።