ግልጽ ደብዳቤ ከቦሪ፦ ውሃውን ማን ይፈትሻል?

ይድረስ በሞያሌ ድንበር ግራና ቀኝ ለምትሠሩ የጤናና የቁጥጥር ኃላፊዎች፤

የምነቅፈው ባዕድ ፍጥረት በሽታ እስኪያስነሳ ድረስ የማይፈልገውን አሠራራችሁን ነው። የባሕሩ ዓለም የዚህን ዋጋ ከፍሏል። ባዶ መርከብ ሚዛኑን ለመጠበቅ የቀዳውን ውሃ ሌላ ወደብ ላይ ሲደፋ በውስጡ ያለውንም ፕላንክተን ይደፋል። በ1980ዎቹ ከአሜሪካ ጠረፍ በዚሁ መንገድ ጥቁር ባሕር እንደ ደረሰ የሚታመን አንድ ዝልግልግ ተንሳፋፊ እንስሳ፣ የዓሣ እጭና የዓሣ ምግብ እየበላ፣ ከመጠን ያለፈ ማስገር አስቀድሞ የጎዳውን የአንቾቪ ምርት ይበልጥ አሽቆለቆለው። የመርከብ ውሃን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት የጸደቀው በ2004፣ የጸናው ደግሞ በ2017 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቢዘገይም ዛሬ መርከበኛ ስለ ውሃው ይጠየቃል።

በየብስ ግን ባዕድ ፍጥረት ሲገባ ጠያቂ የለም። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ወባ አስተላላፊ ትንኝ በ2012 ጅቡቲ ታየች። በዚያ ዓመት 27 ብቻ የነበሩት የጅቡቲ የወባ ታማሚዎች በ2020 ከ73,000 በለጡ፤ የዚህ ሁሉ ጥፋት የእሷ ብቻ ነው ባይባልም ድርሻዋ ቀላል አይደለም። በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 ድሬዳዋን ያመሰው ወረርሽኝም ከእሷ ጋር ተያይዟል። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ የኬንያውን ሞያሌ በሚያቅፈው በማርሳቢት ካውንቲ፣ በላይሳሚስና በሳኩ፣ መገኘቷ ተገለጸ።

«አገራችን ደረቅ ነው፣ ወባው ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ይህች ትንኝ ግን ዝናብ ጠባቂ አይደለችም፤ የምትፈለፈለው በበርሜል፣ በሮቶና በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ነው። ቧንቧ በማይታመንበት ከተማ ውሃ ማጠራቀም ግዴታ ስለሆነ ድርቁ ራሱ መራቢያ ያበጅላታል። ማታ ቤት ውስጥ የሚሰቀለው የመብራት ወጥመድም እሷን በመያዝ ደካማ ነው። ስለዚህ «በወጥመዳችን አልገባችም» ማለት የለችም ማለት አይደለም።

በድንበሩ የሚደረግ የውሃ ፍተሻ ንግድ ያጓትታል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ የሞያሌ መንገድ የብዙ ሰው እንጀራ ነው። እኔ ግን መኪና ይቁም አላልኩም። ውሃ ከቋጠረ አሮጌ ጎማና ከገንዳ እጭ በጭልፋ ቀድቶ ማየት ሰልፍ አያስረዝምም። ባለቤቱንም ውሃህን ድፋ አትበሉት፤ በስንት ልፋት ያገኘው ነው። ክዳን እንዲገጥም እርዱት። የአንዱ ወገን የናሙና ውጤትም በናይሮቢና በአዲስ አበባ ዞሮ እስኪመጣ ሳይጠበቅ፣ በዚያው ሳምንት ከመስመሩ ማዶ ላለው ጤና ጣቢያ ይድረስ።