የእስረኛ ቀለብ ከሁለት ኪስ ይከፈላል

ስለ ወህኒ ቤት ወጪ በተነሣ ቁጥር ፈጥኖ የሚሰማው አሳብ ቀለቡ ይቀነስ የሚል ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። የእስረኛው እንጀራ በሳሳ መጠን ጉድለቱን የሚሞላው ቤተሰቡ ነውና ወጪው ከመንግሥት ኪስ ወደ ድኻ ኪስ ዞረ እንጂ አልቀረም።

ለምሳሌ አንድ የአንገር ጉቲን ገበሬ በገበያ ቀን ተጣልቶ ሰው ቢገፈትርና በሰኔ ወር የሁለት ወር እስራት ቢፈረድበት፣ በቆሎውን ማን ያርምለታል? ሚስቱ ስንቅ ቋጥራ፣ የመኪና ተበድራ እስከ ነቀምቴ ትመላለሳለች። ዳኛው የፈረዱት በአንድ ሰው ላይ ነበር፤ ፍርዱን የሚፈጽመው ግን ቤተሰቡ በሙሉ ነው።

ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት ሌላ መንገድ አላሳጣንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 103፣ እስከ 6 ወር በሚደርስ ቀላል እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ለኅብረተሰቡ አደገኛ ካልሆነ፣ ዳኛው ሳያስሩ የግዴታ ሥራ እንዲያዙበት ይፈቅዳል። ሰውየው ከቤቱ እያደረ ይሠራል፤ ከሚያገኘውም ከሲሶ የማይበልጠው ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። ተቀላቢ የነበረው ከፋይ ሆነ ማለት ነው። አሳቡ የ1949ኙም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያወቀው ነውና እንግዳ ነገር አይደለም።

ታዲያ ሥራውን ማን ይመድባል? መምጣት መቅረቱንስ ማን ይመዘግባል? ይህን የሚከታተል ሠራተኛ በየወረዳው ካልተመደበ ዳኛው ወደሚያውቁት ወደ እስራት ቢያዘነብሉ አይፈረድባቸውም። የአንድ ጸሐፊ ደመወዝ ከስንት ሰው ቀለብ እንደሚያንስ ለማስላት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ተበዳዩስ የሚል አይጠፋም፤ ልክ ነው። ነገር ግን ባላጋራው ስለታሰረ ተበዳዩ ካሣ አላገኘም። በኦሮሚያ የባህል ፍርድ ቤቶች በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ታውቀዋልና የሽማግሌው እርቅና የዳኛው ትእዛዝ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ።

ስለ ነፍሰ ገዳይ አልተናገርንም። ለረዥም ጊዜ ፍርደኛ አመክሮ አለው፤ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ ጠባዩን ያሳመነ ይፈታል። ይህ በር በጀት ሲጠብ ብቻ የሚከፈት መሆን የለበትም። በዘመን መለወጫ በይቅርታ የምናወጣውንም ሰው በሰኔ ባላስገባነው ይሻል ነበር።

የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችንና መምህሮቻቸው በመጪው ዕረፍት ከየወረዳ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ከ6 ወር በታች የታሰሩትን ቢቈጥሩልን፣ ውጤቱን በዚሁ ጋዜጣ እናወጣለን።